ባህር ሸሽ፦ የይፋግና የፎገራ ሜዳ ታሪክ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታን አልፎ የርብን ወንዝ ሲሻገር በስተግራ እስከ ጣና ድረስ የተዘረጋ ሜዳ፣ በስተቀኝ ደግሞ ወደ ጉና የሚወጣ ደጋ ያያል። ይፋግ ያለችው ሜዳውና ደጋው በሚገናኙበት ጠርዝ፣ በደቡብ ጎንደር ዞን ሊቦ ከምከም ወረዳ ውስጥ ነው። በመኪና ለሚያልፍ መንገደኛ ከሌሎቹ የመንገድ ዳር ከተሞች የምትለይ አትመስልም። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን አገሩን ያዩ የአውሮፓ ተጓዦች ስሟን ደጋግመው የጻፉላት ትልቅ ገበያ ነበረች። ለገንዘብም ለወጥም የሚያገለግለው አሞሌ ጨው ይመነዘርባት ነበር፤ በጎንደርና በጎጃም መካከል የሚመላለሱ ሲራራ ነጋዴዎች ያርፉባት ነበር። በአቅራቢያዋ የምትገኘው ደሪጣ የታወቀች የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ነበረች። የአካባቢው የወይን ተክልም በዘመኑ ዝነኛ ነበር፤ ያ ዝና ግን እስከ ዛሬ አልዘለቀም።

ገበያው እዚያ ቦታ የቆመው በአጋጣሚ አልነበረም። ደገኛው ገብሱን፣ ቆለኛውና ሜደኛው ከብቱን፣ ቅቤውንና ኑጉን ይዞ የሚገናኝበት ጠርዝ ስለሆነ ነው። ሁለት ዓይነት መሬት ሁለት ዓይነት ምርት ይሰጣል፤ ልዩነቱም ገበያ ይፈጥራል። ስለዚህ የይፋግን ታሪክ ለመረዳት ከከተማዋ ይልቅ ከእግሯ ሥር የተዘረጋውን የፎገራ ሜዳ ማየት ይሻላል። ባለፉት ሰባ ዓመታት በዚህ ሜዳ ላይ የሆነው ነገር ድሃ አገር መሬቷን እንዴት እንደምታርስ፣ ውሃዋን እንዴት እንደምትጠብቅና ሕዝቧን እንዴት እንደምትመግብ ከብዙ ሰነድ በላይ ያስረዳል።

ሜዳውን ለብዙ ዘመን የጠበቀው ሕግ አልነበረም። ውሃና ወባ ነበሩ።

ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ተራራ ይነሳሉ። በክረምት ደለል አዝለው ይወርዱና ሜዳው ላይ ሲደርሱ ከአልጋቸው ወጥተው ይንጣለላሉ። ጣናም በዝናቡ ይሞላል፤ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ብሎ እስከ ግንቦትና ሰኔ ድረስ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ጥልቀቱ ከፍተኛ በሆነበት ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ገደማ ስለማይበልጥ ጥቂት ዝቅ ሲል ብዙ መሬት ይገለጣል። ያ የሚገለጠው መሬት ባህር ሸሽ ይባላል። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት እንደ ሊጥ ይላቆጣል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚኖር ሰው ትንኙንም ጎርፉንም መቻል ነበረበት። ብዙው ሰው ቤቱን ከፍ ባለው ጠርዝ ላይ ይሠራ ነበር፤ ወደ ሜዳው የሚወርደው ከብቱን ይዞ፣ ውሃው ሲሸሽ ነው።

የፎገራ ከብት የተገኘው ከዚህ አኗኗር ነው። በውሃ ውስጥ ገብቶ የሚግጥ፣ ረግረግ የማያሸንፈው፣ ከአገሬው ዝርያዎች መካከል በወተቱ የተመሰገነ ከብት ነው። የበጋው ግጦሽ የጋራ ነበር፤ ሣሩ፣ ደንገሉና ረግረጉ በማንም የግል ድንበር አልተከለሉም። ወይጦ የሚባሉት የሐይቁ ዳርቻ ነዋሪዎች ከደንገል ታንኳ እየሠሩ ያጠምዱ፣ እንጨትና እህል ያሻግሩ ነበር።

ወባው ግን የዋዛ ጠባቂ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1953 ከሐይቁ በስተሰሜን ባለው በደምቢያ ሜዳ የተነሳው ወረርሽኝ ወደ 7,000 ሰው እንደገደለ ይገመታል። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 መጀመሪያ የዘለቀው ደግሞ ብዙ የኢትዮጵያን ደጋማ አካባቢ አዳረሰ፤ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ታሞ ወደ 150,000 የሚጠጋ እንደሞተ በወቅቱ የተደረገው ጥናት ገምቷል። ከዚህ እልቂት በኋላ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ዲዲቲ የተሸከሙ ሠራተኞች በየመንደሩ ግድግዳ ረጩ። ብዙ ሕይወት ተረፈ። ለሰው ልጅ ትልቅ ድል ነበር፤ ማንም ሊመኘው የሚገባ ድል። ነገር ግን ፍርሃት ሲጠብቀው የኖረ መሬት ፍርሃቱ ሲላላ ሌላ ጠባቂ ያስፈልገው ነበር። ያንን ያሰበ አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ርስት ቀረ፤ መሬቱን የሚያከፋፍለው የገበሬ ማኅበሩ ሆነ። ለብዙ ጭሰኛና መሬት አልባ ይህ የዘመናት ጥያቄ መልስ ነበር። በፎገራ ግን የአዋጁ ዘመን ሌላ ነገርም ይዞ መጣ። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ወደ ሜዳው ወርደው በጅግናና በሻጋ የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ አስዘሩ። የዱር ሩዝ በዚሁ ሜዳ ረግረግ ውስጥ ቀድሞም ይበቅል ነበርና መሬቱ ለዘሩ ባዕድ አልነበረም። ገበሬው ክረምቱን ሙሉ ውሃ ተኝቶበት ሲያይ የኖረውን ማሳ ለመጀመሪያ ጊዜ በውሃው ምክንያት ሊያርሰው ቻለ።

የካቲት 1982 ላይ መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅ አምራች ማኅበራቱ በየቦታው ፈረሱ። ከብቱም ማሳውም ተከፋፈለ። ሩዙ ግን አልጠፋም። ጥቂት ገበሬዎች ዘሩን ይዘው ቀሩ፤ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የግብርና ባለሙያዎች እንደገና አበረታቱት። በስፋት የተዘራው ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያችው ከመጀመሪያዋ የጅግና ማኅበር ነው። ከዚያ በኋላ ሩዝ በሜዳው ላይ የተስፋፋው በማንም ትእዛዝ አይደለም፤ ጎረቤት ከጎረቤት እያየ ነው። አሠራሩ አድካሚ ነው። ገበሬው በሰኔ ዘሩን ይበትናል፤ በሐምሌና በነሐሴ ቤተሰቡ ሁሉ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ወገቡን አጉብጦ በእጁ ያርማል። ለብቻው የማይወጣውን በወንፈልና በደቦ ይወጣዋል። በኅዳር ሲያጭድ ግን ማሳው ገና እርጥብ ነውና ሩዙ ከመነሳቱ ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራበታል። ከአንድ መሬት ሁለት እህል። ገለባው ለከብት፣ እህሉ ወደ ወረታ መፈልፈያ ይሄዳል። ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፤ ጠላና አረቄም ይወጣዋል። ዛሬ ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት።

ይህን ለውጥ እንደ ጥፋት መቁጠር ግፍ ነው። በጎርፍ ምክንያት እህሉ በየዓመቱ አደጋ ላይ ይወድቅ የነበረ ቤተሰብ የሚሸጥ እህል አገኘ፤ የሣር ክዳን በቆርቆሮ ተተካ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ገባ። ችግሩ ሌላ ነው። ሩዙ የሚሄድበት መሬት የሌላ ነገር መሬት ነበር፤ ለዚያ ለሌላው ነገር የተከራከረ አልነበረም።

መጀመሪያ የተጎዳው ከብቱ ነው። ግጦሹ እየታረሰ ሲጠብ የቀረችው ሣር ላይ ብዙ ከብት ተጨናነቀ፤ የተረገጠውን ግጦሽ ደግሞ እሾሃማው አሜኬላ ወረሰው። የፎገራ ዝርያ በገዛ አገሩ ሳሳ። ዝርያውን ለማዳን ከሜዳው ርቆ በመተከል የከብት እርባታ ማቆየት ግድ ሆነ።

ቀጥሎ የተጎዱት ረግረጎቹ ናቸው። በፎገራ ወረዳ ሸሸርና ወላላ የሚባሉ ሁለት ረግረጎች አሉ፤ የርብ ሙላት በክረምት ይሞላቸዋል፣ በበጋም ውሃ ይዘው ይቆያሉ። ዓሣ ይራባባቸዋል፤ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሚሸሹ ወፎች ይከርሙባቸዋል፤ ራሱ ላይ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለው ባለ ረጅም እግር ወፍም መኖሪያው እዚያ ነው። የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች የሳተላይት ምስሎችን አነጻጽረው ባደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት ሸሸር ከ1,557 ሄክታር ወደ 136፣ ወላላ ደግሞ ከ298 ወደ 159 ሄክታር ወርደዋል። ምክንያቱ ሰው ከሚያውቀው ውጭ አይደለም። ውሃው ዳር ያለው ገበሬ በመሳቢያ ሞተር ውሃውን ወደ ሽንኩርትና ወደ ጓያ ማሳው ይስባል፤ ውሃው ሲቀንስ የረግረጉ ጠርዝ ይደርቃል፤ የደረቀው ይታረሳል። በሚቀጥለው ዓመት ሞተሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ይገባል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሜዳውን ያጥለቀለቀው ጎርፍ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ካፈናቀለ በኋላ በርብ ወንዝ ግራና ቀኝ የአፈር ክትር ተሠራ። ክትሩ መንደሩን ከጎርፍ ይከላከላል፤ ወንዙን ግን ከረግረጉ ይለያል።

ሐይቁ ራሱም የራሱን ታሪክ እየሠራ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ባሕር ዳር ላይ የጨረጨራ ግድብ ተጠናቀቀ፤ ዓላማው ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ውሃ ማመጣጠን ነበር። በ1995 የሐይቁ ከፍታ ክፉኛ ወረደ፤ ዝናቡም አንሶ ነበር፣ ለመብራት የሚለቀቀው ውሃም ብዙ ነበር። መርከቦች ለወራት መንቀሳቀስ አቃታቸው። በዳርቻው ሰፊ ባህር ሸሽ ተገለጠ፤ ደንገሉ ታጨደ፣ መሬቱ ታረሰ። ለከተሞች መብራት የሚሰጠው ውሃ በሐይቁ ማዶ ማን ምን እንደሚያርስ ወሰነ ማለት ነው። በ2002 ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ደግሞ ከሐይቁ ውሃ በዋሻ እየወሰደ ወደ በለስ ወንዝ ይለቅቃል።

ባህር ሸሽ በደብተር የተያዘ መሬት አይደለም። በአማራ ክልል ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ የግል ማሳው ተለካ፣ ወሰንተኛው ተጻፈ። ውሃ ሲመጣ የሐይቁ፣ ውሃ ሲሸሽ የቀደመው ሰው የሚሆነው ጠርዝ ግን እንደ ተንሳፈፈ ቀረ። መሬት አልባው ወጣት የሚያየው እሱን ነው፤ የሚፈርድበት ካለ ወጣቱ ሌላ ምን እንዳለው መጠየቅ አለበት።

ሌላው ምርጫው ስደት ነበርና። ከሊቦ ከምከም መሬት የሌለው ወይም ያነሰው ሰው በክረምት ወደ ሁመራና ወደ መተማ የሰሊጥ እርሻዎች እየወረደ ያርምና ያጭድ ነበር። በግንቦት 1997 በወረዳው በቡራ ቀበሌ ብዙ ሰው የሚያከሳ፣ ሆድ የሚነፋ፣ በወባ መድኃኒት የማይለቅ ትኩሳት ይዞት ተገኘ። መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ። በምርመራ ካላዛር መሆኑ ታወቀ፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። ከቆላ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት እንደመጡ ይታመናል። በወረዳው ዋና ከተማ በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከመንግሥት ጤና ባለሙያዎች ጋር ሆነው ከ2,000 በላይ ሰው አከሙ። የኋላ ጥናት እንዳሳየው በተለይ የተጋለጡት ከብትና ሰብል ሲጠብቁ ከቤት ውጭ ከግራር ሥር የሚያድሩ ናቸው። የመሬት ጥበት ሰውን ወደ ሰሊጡ አገር ሰደደ፤ ሰሊጡ አገር በሽታ መለሰ። ድህነትና ተፈጥሮ በአንድ ሰው አካል ላይ እንዲህ ይገናኛሉ።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ እንቦጭ ታየ። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨ፣ በንጥረ ነገር በበለጸገ ውሃ ላይ በፍጥነት የሚስፋፋ ተንሳፋፊ አረም ነው። ከደጋው በጎርፍ የሚታጠበው አፈርና ከማሳው የሚወርደው ማዳበሪያ ቀለቡ ሆነ። በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ ከደምቢያ እስከ ሊቦ ከምከምና ፎገራ ድረስ፣ ሕዝቡ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ እየገባ በእጁ ሲነቅል ዓመታት አለፉ። ባህር ሸሽ ያርስ የነበረ ገበሬ እንቦጩ የተኛበትን መሬት ሳያጸዳ ማረስ አልቻለም፤ አጥማጁ መረቡን መጣል አቃተው። ደንገሉ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ከደለሉ ከፊሉን ባስቀረ ነበር።

ሰኔ 2007 ዓ.ም. ላይ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የጣናን አካባቢ፣ ወደ 700,000 ሄክታር የሚጠጋ ስፋት፣ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ አሰፈረው። ካርታው የሚጠበቅ እምብርት፣ መከለያ ቀጠናና ሰው የሚሠራበት ቀጠና አለው። ካርታ አስፈላጊ ነው። ግን ገበሬው ወሰኑን ካላወቀው፣ ካልተስማማበትና ካልተጠቀመበት ወረቀት ላይ ይቀራል።

ይህ የፎገራ ብቻ ጣጣ አይደለም። በኡጋንዳም ቻይናውያን ባለሙያዎች በረዱበት የኪቢምባ እርሻ ረግረግ ወደ ሩዝ ማሳ ተለውጧል፤ ምርቱም ጉዳቱም ታይቷል። የኡጋንዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1986 ረግረግን በትልቁ ማንጠፍን አገደ፤ በ1995 ደግሞ ብሔራዊ የረግረግ መሬት ፖሊሲ አወጣ። እገዳው ብቻውን ረግረጉን አላዳነም፤ ሰው መብላት አለበትና። ቢሆንም ረግረግ ባለቤት አልባ መሬት እንዳልሆነ በአገር ሕግ መጻፉ ክርክሩን ከየት መጀመር እንዳለበት አመለከተ።

ለደቡብ ጎንደር ግን ቅርቡ ምሳሌ ኡጋንዳ አይደለም፤ በየኮረብታው የቆመው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዞኑ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 500 ሄክታር ገደማ በሚሆን መሬት ላይ 168 ዓይነት እንጨታማ ተክል መዝግቧል። ዙሪያው ሁሉ በታረሰበት አገር ይህን ያህል የተረፈው ደኑ ባለቤትና ወሰን ስላለው ነው። ሆኖም ጥናቱ ስጋትም አገኘ፤ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፣ ከሥራቸው ግን የሚተካ ችግኝ የለም። ከብት ገብቶ ይግጠዋል፣ ይረግጠዋል። ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የዛፍ አናት ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆኖ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር መከረ። መፍትሔው ከሩቅ የመጣ አልነበረም። በዛራ ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ከየማሳው ድንጋይ ለቅሞ፣ ተሸክሞ፣ በደኑ ዙሪያ ካብ ካበ፤ ለመግቢያ በር ተወለት። ድንጋዩ ሲነሳ ማሳው ለማረሻ ቀለለ፤ ካቡ ሲቆም ከብቱ ደጅ ቀረ። ከካቡ ውስጥ ችግኝ ብቅ አለ፤ ዘዴው ወደ ሌሎች አጥቢያዎች ተዛመተ።

ረግረግ በድንጋይ አይካብም፤ ውሃው ይሄዳል ይመጣል። የዛራው ሥራ የቆመበት መሠረት ግን ወደ ሜዳው ሊወርድ ይችላል። የሚጠበቀውን ቦታ የሚያውቅ ማኅበረሰብ፣ በዓይን የሚታይ ወሰን፣ ለሚጠብቀው ሰው የሚመለስ ጥቅም ነበረው። በሜዳው ላይ ይህ ማለት ሸሸርን ለሚጠብቁ ቀበሌዎች ሣሩን በተራ የማጨድ፣ ደንገሉን የመሸጥ፣ ዓሣውን በወቅቱ የማጥመድ መብት በጽሑፍ መስጠት ነው። ክልክል ሣር ጠብቆ በጋራ መጠቀም ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። መሬት አልባው ወጣትም ከዚህ ድርሻ ሊቆረስለት ይገባል፤ ካልተቆረሰለት ወሰኑን የሚያፈርሰው እሱ ነው፤ ቢያፈርሰውም አይፈረድበትም።

ጥያቄው ለነገ የማይባል ያደረገው የርብ ግድብ ነው። ግንባታው በ2000 ዓ.ም. ተጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ የፈጀው ይህ ግድብ ከፍታው 73 ሜትር ሲሆን 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነው፤ እቅዱ በሜዳው ላይ እስከ 20,000 ሄክታር ማጠጣት ነው። ለይፋግና ለወረታ ገበሬ በበጋ ውሃ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ወደ ሰሊጡ አገር መውረድንም ሊያስቀር ይችላል። በዚያው ወንዝ ላይ ግን ሌላ ባለ ድርሻ አለ። በጣና ብቻ የሚገኙት ላቢዮባርበስ የሚባሉ የዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ርብንና ጉማራን ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአፈ ወንዙ ላይ በብዛት በመረብ ሲጠመዱ፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ብዛታቸው በሦስት አራተኛ ገደማ እንደቀነሰ በሐይቁ ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። በበጋ ደግሞ የመሳቢያ ሞተሮቹ ወንዙን ጣና ሳይደርስ ያደርቁታል። ከግድቡ በሐምሌ ምን ያህል ውሃ ለዓሣው፣ በመስከረም ምን ያህል ለሸሸርና ለወላላ፣ በጥር ምን ያህል ለመስኖው ቦይ እንደሚለቀቅ ገበሬው፣ አጥማጁ፣ ከብት አርቢውና የውሃ መሥሪያ ቤቱ አንድ ላይ ተቀምጠው ቀን ቆርጠው ሊወስኑት የሚገባ ነው። ቦዩ ሁሉ ተቆፍሮ፣ ማሳው ሁሉ ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ ለረግረጉ ውሃ መለመን ከባድ ይሆናል።